ጉልዬልሞ ማርኮኒ፤ ሐሳብን የማመንጨትና የመምረጥ ሕይወት

የመጽሔታችን አዘጋጆች፣ የተማሪዎች የንድፍ ቡድኖች ሐሳብ ስለሚያመነጩበትና ከመነጨውም መካከል የሚሠራውን ስለሚመርጡበት መንገድ አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በጠየቁኝ ጊዜ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ዓይነት ዝርዝር ከማቅረብ ይልቅ ይህንኑ ሥራ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ የኖረ የአንድ ሰው ታሪክ መተረክ የተሻለ መስሎ ታየኝ። ሰውየውን ለመምረጥም ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። የምሠራበት አካባቢ ነፋስ ስልክ ይባላል።

በዚህ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል በፋብሪካ፣ በጋራዥና በብረታ ብረት ሥራ ቤት የሚውሉ ብዙ የሙያ ባልደረቦቻችን ስሙን በየቀኑ ይጠሩታል፤ ዛሬም ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ የክፍለ ከተማው መጠሪያ ሆኗል። ስልክ የሚለው ቃል በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው። እንግዲህ ነፋስ ስልክ ቃል በቃል ሲተረጎም የነፋስ ሽቦ ይሆናል፤ አባቶቻችን ሽቦ አልባውን ቴሌግራፍ የሰየሙበት ስም ሲሆን፣ ሰፈሩም ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ነው። ከውጭ ለገባ መሣሪያ እንዲህ ያማረ ስም ያወጣ ሰው ማን እንደ ሆነ ባይታወቅም ምስጋና ይገባዋል። መሣሪያውን ለዓለም ያበረከተው ግን ማርኮኒ ነው፤ ወይም ማርኮኒ ነው ይባላል። በእነዚህ በሁለቱ አባባሎች መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት፣ በአገራችን አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጉልዬልሞ ማርኮኒ ኤፕሪል 25 ቀን 1874 በሰሜን ኢጣልያ በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጁሴፔ ባለርስት ነበር፤ እናቱ አኒ ጄምሰን በዊስኪ ጠመቃ ከታወቀ የአየርላንድ ቤተ ሰብ የመጣች ናት። ልጁ በመደበኛ ትምህርት ቤት ብዙም አልገፋም፤ ቤት ድረስ በሚመጡ መምህራን ተማረ እንጂ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያበቃ ውጤት አላገኘም። ሆኖም በሊቮርኖ ቪንቼንሶ ሮዛ የሚባል የፊዚክስ መምህር አስተማረው፤ ኋላም የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አውጉስቶ ሪጊ የቤተ ሰቡ ጎረቤት ስለ ነበረ ትምህርቱን እንዲከታተል ፈቀደለት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን ለወጣን ሰዎች ይህ ትንሽ የሚያሳፍር ታሪክ ነው፤ ግን እውነት ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1894 ጀርመናዊው ሃይንሪኽ ሄርትዝ ገና በ36 ዓመቱ ሞተ። ሄርትዝ ከ1886 እስከ 1888 ባደረጋቸው ሙከራዎች የኤሌክትሪክ ብልጭታ በአየር ውስጥ የሚጓዝ ሞገድ እንደሚያስነሣ አረጋግጦ ነበር። ስለ እርሱ የተጻፈውን የመታሰቢያ ጽሑፍ ማርኮኒ በዚያው ዓመት በጋ በአልፕስ ተራሮች አካባቢ ለዕረፍት ሳለ አነበበ። የ20 ዓመት ወጣት ነበረ። ይህ ሞገድ ያለ ሽቦ መልእክት ለማድረስ ይችላል የሚለው ሐሳብ ያን ጊዜ አደረበት።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው ነገር አለ። ለመሣሪያው የሚያስፈልጉት ክፍሎች በሙሉ ማለት ይቻላል ቀድሞውኑ በሌሎች ሰዎች ተሠርተው ነበር። ብልጭታ ማስነሻውን ሄርትዝና ሪጊ ሠርተውታል። ፈረንሳዊው ብራንሊ በ1890 በመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለ የብረት ብናኝ ሞገድ ሲነካው እርስ በርሱ ተጣብቆ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ አሳይቷል። እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ ይህንኑ ቱቦ በ1894 ሎንዶን ላይ በሕዝብ ፊት ሠርቶ አሳየ። ሩሲያዊው ፖፖቭ በ1895 በዚህ ዓይነት ቱቦ የመብረቅን መምጣት የሚያመለክት መሣሪያ አቀረበ። ሐሳቡ በየቤተ ሙከራው ተበትኖ የሚለቅመው ይጠብቅ ነበር ለማለት ይቻላል። ታዲያ በእነዚህ ሊቃውንት ዘንድ ያልነበረ፣ በአንድ ገና ትምህርቱን ባልጨረሰ ወጣት ዘንድ ግን የነበረ ምን ነበር?

መልሱ መመዘኛ ነው። ሊቃውንቱ ስለ ሞገዱ ጠባይ ለማወቅ ይጠይቁ ነበር፤ ማርኮኒ ግን የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ምልክቱ ከትናንቱ ይልቅ ራቅ ብሎ ደረሰ ወይስ አልደረሰም? የሚለው። በፖንቴኪዮ በሚገኘው በቤተ ሰቡ ቤት፣ ቪላ ግሪፎኔ በሚባለው ሕንፃ ሰገነት ላይ ጠረጴዛውን ዘርግቶ ቱቦውን ደጋግሞ ሠራ። ብናኙን ከልዩ ልዩ ብረቶች በሞረድ እየፈገፈገ፣ መጠኑን እየለዋወጠ፣ የቱቦውን ስፋት እያጠበበ በመቶ የሚቆጠሩ ድብልቆችን ሞከረ። በመጨረሻ ከመቶው 95 እጅ ኒኬል፣ 5 እጅ ብር የሆነውን ብናኝ መረጠ፤ አየሩንም ከቱቦው አወጣ። ከእነዚህ ለውጦች ውስጥ ብዙዎቹን የሚያብራራ ንድፈ ሐሳብ በእጁ አልነበረም። ርቀቱን የጨመረለትን ያቆያል፣ ያልጨመረውን ይጥላል፤ ሥራው ይኸው ነበር። በ1894 መጨረሻ አንድ ሌሊት እናቱን ቀስቅሶ ወደ ሰገነቱ ወሰዳት፤ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ያለውን ደወል ያለ አንዳች ሽቦ አስጮኸላት።

ስለ መመዘኛ ስናገር የዘመናችንን የተማሪ ቡድኖች ሳላነሣ ማለፍ አይሆንልኝም። በዚሁ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን የንድፍ ሥራ ለመመዘን መጋበዝ ከጀመርሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ተማሪዎቹ አምስት አምስት ሆነው ይቀመጡና ለእንጀራ ምጣድ፣ ለጤፍ መዝሪያ ወይም ለውሃ መሳቢያ እስከ ሠላሳ የሚደርስ ሐሳብ በሰሌዳ ላይ ይደረድራሉ። ማንም የማንንም ሐሳብ በጅምሩ እንዳያጣጥል የሚያዝ ደንብ አላቸው፤ መልካም ደንብ ነው። ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ዋጋ፣ ክብደት፣ ጥንካሬ፣ የአሠራር ቅለት፣ መልክ የሚሉ መመዘኛዎችን በሰንጠረዥ ላይ አስፍረው ለእያንዳንዱ ሐሳብ ነጥብ ይሰጣሉ። ድምሩ የወደዱትን ሐሳብ ዝቅ ያደረገባቸው እንደሆነ፣ የመመዘኛዎቹን ክብደት ከፍና ዝቅ እያደረጉ የወደዱት እስኪያሸንፍ ድረስ መልሰው ይደምራሉ። ሰንጠረዡ ያን ጊዜ መምረጫነቱ ይቀርና ቀድሞ ለተመረጠው ነገር ማስረጃ ይሆናል። ተማሪዎች ብቻ ናቸው ይህን የሚያደርጉት ብዬ ለማለት አልደፍርም፤ በጨረታ ግምገማ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ባልደረባ የምለው ይገባዋል። የማርኮኒ መመዘኛ በሜትር የሚለካ፣ ከሙከራው በፊት የተቆረጠ፣ በፍላጎት የማይታጠፍ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1895 ሥራው ከሰገነት ወደ ሜዳ ወጣ። ቡድኑ ሦስት ሰው ነው፤ ራሱ ማርኮኒ፣ ወንድሙ አልፎንሶ፣ ሚኛኒ የተባለው የቤተ ሰቡ ሠራተኛ። እስከዚያ ድረስ የሄርትዝን ንድፍ በመከተል ሁለት የብረት ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። ማርኮኒ አንደኛውን ሰሌዳ በእንጨት ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ ሁለተኛውን በመሬት ውስጥ ቀበረው። ርቀቱ በድንገት ጨመረ። የአየር ሽቦና የመሬት ሽቦ የምንላቸው፣ ዛሬ ለኛ ተራ ነገር የሆኑት ሁለት ክፍሎች፣ በአንድነት ተጣምረው ለሥራ የዋሉት ከዚያ በኋላ ነው። ኋላም ባደረገው ልኬት የሽቦው ከፍታ እጥፍ ሲሆን የሚደርስበት ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ደረሰበት። በመጨረሻም አልፎንሶ መቀበያውን ይዞ ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ኮረብታ ጀርባ ሄደ፤ ምልክቱ የደረሰ እንደሆነ በጠመንጃ ተኩሶ ሊያስታውቅ። ጠመንጃው ተተኮሰ። ርቀቱ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነበር፤ ከርቀቱ ይልቅ ግን የሚበልጠው፣ ኮረብታ በመካከል እያለ ምልክቱ መድረሱ ነው።

በ1896 መጀመሪያ ከእናቱ ጋር ወደ ሎንዶን ተሻገረ። የእናቱ ዘመድ ሄንሪ ጄምሰን ዴቪስ ገንዘብና ወዳጅ አፈላለገለት፤ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ ዊልያም ፕሪስም ለሙከራ በሩን ከፈተለት። ጁን 2 ቀን 1896 የፈጠራ መብት ማመልከቻውን አስገባ፤ በተከታዩ ዓመት ሜይ 13 ቀን ምልክቱ የብሪስቶልን ባሕረ ሰላጤ ተሻግሮ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ፤ በዚያው ዓመት ኩባንያ ተቋቋመ። ማርች 27 ቀን 1899 ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ ተላለፈ። የሚያሠራቸው ሰዎችም በዛ፤ ከእነርሱ መካከል ከፖስታ ቤት የመጣው ጆርጅ ኬምፕ ለረጅም ዓመታት ከጎኑ ያልተለየ ረዳቱ ሆነ።

የአትላንቲክን ውቅያኖስ ለመሻገር የተደረገው ሙከራ ለንድፍ ሰዎች ብዙ የሚያስተምር ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በፖልዱ፣ በፕሮፌሰር ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ንድፍ ከፍተኛ ኃይል ያለው ማሰራጫ ተሠራ። የአየር ሽቦውን የሚሸከሙ 20 ምሰሶዎች፣ እያንዳንዳቸው 60 ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው፣ በክብ ተተከሉ። በሴፕቴምበር 1901 ዐውሎ ነፋስ ሁሉንም ጣላቸው። በአሜሪካ በኩል በኬፕ ኮድ የተተከሉት መሰሎቻቸውም ከሁለት ወር በኋላ በተመሳሳይ ሁኔታ ወደቁ። ወጪው እጅግ ብዙ ነበር፤ ተፎካካሪዎችም ነበሩ። ማርኮኒ ምሰሶዎቹን እንደ ነበሩ መልሶ በመትከል ጊዜ አላጠፋም። በፖልዱ ሁለት ምሰሶ ብቻ አስቁሞ በመካከላቸው ከ50 የሚበልጡ ሽቦዎችን እንደ ማራገቢያ ዘረጋ፤ መቀበያውን ደግሞ ወደ ቅርቡ የአሜሪካ ዳርቻ፣ ወደ ኒውፋውንድላንድ ወሰደ፤ ሁለቱ ወገኖች ይነጋገራሉ የሚለውንም ዓላማ ትቶ በአንድ አቅጣጫ አንዲት ፊደል ብቻ ትተላለፍ አለ። ፊደሏ በሞርስ ሦስት ነጥብ የሆነችው ኤስ ናት። ዲሴምበር 12 ቀን 1901 በሴንት ጆንስ ከተማ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ፣ ነፋስ በሚያንሳፍፈው ካይት የተሰቀለ ሽቦ ይዞ፣ ከ3,400 ኪሎ ሜትር ርቀት ሦስቱን ነጥቦች ሰማሁ አለ። ኬምፕም ሰማሁ አለ።

ሌላ ምስክር አልነበረም። ምልክቱን በወረቀት ላይ የሚያትመው መሣሪያ ለዚያ ለደከመ ምልክት የማይሆን ስለ ነበረ ትተውት፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነበር የተጠቀሙት፤ የሚጠብቁትም ፊደል ምን እንደ ሆነ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ሰዓቱም ቀን ስለ ነበረ በዚያ የሞገድ ርዝመት ምልክቱ ያን ያህል ሊደርስ መቻሉን የሚጠራጠሩ መሐንዲሶች እስከ ዛሬ አሉ። በበኩሌ ማርኮኒ ዋሸ ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን ነዳፊው ራሱ ዳኛ የሆነበት፣ መልሱም አስቀድሞ የታወቀበት ሙከራ ሙከራ ለመባል ይጎድለዋል። ማርኮኒም ይህን የተረዳ ይመስላል። በፌብሩዋሪ 1902 ፊላዴልፊያ በምትባል መርከብ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ማተሚያውን መልሶ ገጠመ፤ በየርቀቱ የተቀበለውንም ወረቀት የመርከቧ ካፒቴን ፈረመበት። ሙሉ መልእክት በሌሊት ከ2,400 ኪሎ ሜትር በላይ ሲደርስ፣ በቀን ግን ከዚያ እኩሌታውን እንኳ አልሞላም። ቀንና ሌሊት ልዩነት እንዳላቸው የታወቀው እንዲህ በፊርማ ከተረጋገጠው ወረቀት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ዝና ስለሚታወቅ በአጭሩ ልለፈው። በ1907 በአየርላንድና በካናዳ መካከል የንግድ አገልግሎት ተጀመረ። በ1909 ከጀርመናዊው ፌርዲናንድ ብራውን ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተካፈለ። በኤፕሪል 1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ከ700 የሚበልጡ ሰዎች የተረፉት በኩባንያው ሠራተኞች የድረሱልን ጥሪ አማካይነት ነው። በዚያው ዓመት በመኪና አደጋ ቀኝ ዓይኑን አጣ።

ርቀት የሚለው መመዘኛ ወጣቱን ማርኮኒ ለድል እንዳበቃ ሁሉ ጎልማሳውን ማርኮኒ ለሃያ ዓመት ያህል አሳስቶታል። ሞገዱ በረዘመ፣ ምሰሶው ከፍ ባለና ኃይሉ በበዛ ቁጥር ርቀት ስለ ጨመረ፣ ኩባንያው ሞገዱን እስከ ብዙ ሺህ ሜትር እያስረዘመ ግዙፍ ጣቢያዎችን ሠራ። ከ200 ሜትር ያነሰው አጭር ሞገድ ዋጋ የለውም ተብሎ ተጣለ፤ በአሜሪካ በ1912 የወጣው ሕግም ይህን ውዳቂ ሞገድ ለትርፍ ጊዜ ተጫዋቾች ለቀቀላቸው። ከ1921 እስከ 1923 ባሉት ዓመታት እነዚሁ ተጫዋቾች፣ አብዛኞቹ ወጣቶች፣ በትናንሽ መሣሪያ አትላንቲክን ተሻገሩ። ምክንያቱ ከምድር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኘው፣ ሄቪሳይድና ኬኔሊ በ1902 አለ ብለው የገመቱት የአየር ንብርብር ሞገዱን ወደ ምድር መልሶ ማንጸባረቁ ነው።

ማርኮኒ ግን በዚህ ጊዜ ትልቅነቱን አሳየ። ከ1916 ጀምሮ ከረዳቱ ከቻርልስ ፍራንክሊን ጋር በአጭር ሞገድ ላይ መልሶ መሥራት ጀምሮ ነበር፤ በ1923 እና በ1924 ኤሌትራ በተባለችው የግል መርከቡ እየተጓዘ ለካ። የ32 ሜትር ሞገድ በቀትር ከእንግሊዝ እስከ ቤይሩት ደረሰ። የእንግሊዝ መንግሥት ቅኝ ግዛቶቹን በግዙፍ የረጅም ሞገድ ጣቢያዎች ለማገናኘት ዕቅድ በያዘበት ጊዜ ማርኮኒ፣ የራሱ ኩባንያ ለዓመታት የደከመበትን ንድፍ ወደ ጎን አድርጎ፣ በአንድ አቅጣጫ የሚወረወር የአጭር ሞገድ ጣቢያ እንዲሠራ ውል ገባ። የካናዳው መስመር በ1926 ተከፈተ። ዋጋው ከባሕር ገመድ ቴሌግራፍ ስላነሰ የገመድ ኩባንያዎች ተናወጡ። ካባከኑት ዓመታት ይልቅ የተጣለውን ሐሳብ ከቅርጫት መልሶ ማንሣት ለአንድ የንድፍ ቡድን ምን ያህል እንደሚከብድ በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ይህን ያደረገው ሰው ደግሞ ያን ጊዜ 50 ዓመቱ፣ ክብሩም የተጠበቀ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ወደሚመለከተው ክፍል ልምጣ። ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። በሙሶሊኒ ዘመን በ1928 የአገሪቱ የምርምር ምክር ቤት፣ በ1930 ደግሞ የንጉሣዊው አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሾመ፤ የማርኬዝነት ማዕረግም ተሰጠው። በእነዚሁ ዓመታት አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በአቃቂ የሽቦ አልባ ጣቢያ ለኢትዮጵያ መንግሥት ሠርቶ አስረከበ። በ1928 ዓ.ም. መባቻ ላይ፣ የኢጣልያ ጦር በድንበር ተሰልፎ ሳለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሬዲዮ ለውጭው ዓለም ሕዝብ የአገራቸውን ጉዳይ ያስረዱት፣ የውጭ ጋዜጠኞችም ወሬውን ያስተላለፉት በዚህ ጣቢያ ነው። ወራሪው ራሱ በሠራው ምሰሶ፣ ማርኮኒ ከቅርጫት መልሶ ባነሣው በአጭሩ ሞገድ፣ የተወራሪው ድምፅ ባሕር ተሻገረ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩ መረብን ተሻገረ።

በዚያን ጊዜ ማርኮኒ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ወረራውን ደገፈ፤ ወደ ብራዚል ተጉዞ ስለ ኢጣልያ ተከራከረ፤ ከዚያም እንግሊዝ አገር ገብቶ በቢቢሲ ሬዲዮ ለመናገር ጠየቀ። ቢቢሲ ከለከለው። በሬዲዮ ሥራ አባት ተብሎ የሚጠራው ሰው ሬዲዮ ተዘጋበት፤ ሊያጠፋት የደገፈባት አገር ንጉሠ ነገሥት ግን በሬዲዮ ተናገሩ። ስለ ማርኮኒ የሚጻፉ አንዳንድ ታሪኮች ይህን ገጽ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል፤ በነፋስ ስልክ ለሚኖር መሐንዲስ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከሰገነቱ ሙከራ አንሥቶ ምልክቱ የቱን ያህል ይርቃል የሚለውን ጥያቄ እስከ ዕለተ ሞቱ ሲጠይቅ የኖረ ሰው፣ የሚደርሰው ለማን ነው፣ የሚያገለግለውስ ማንን ነው የሚሉትን ጥያቄዎች በመመዘኛው ውስጥ አስገብቶ እንደ ነበረ የሚያመለክት ነገር በሕይወቱ ታሪክ ውስጥ አላገኘሁም። ተማሪዎቻችን በሚሞሏቸው ሰንጠረዦችም ላይ ይህ ዓምድ ሲጎድል አያለሁ።

ማርኮኒ ጁላይ 20 ቀን 1937 ሮም ላይ በልብ ሕመም ሞተ። በቀብሩ ዕለት የእንግሊዝ የሬዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ሥራ አቁመው ዝም አሉ። አዲስ አበባ በዚያ ሰዓት በጠላት እጅ ነበረች፤ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋም አምስት ወር አልፎ ነበር።

የፈጠራው ባለቤት ማን ነው የሚለው ክርክር ከእርሱ ዕድሜ በላይ ቀጠለ። ጣቢያዎች እርስ በርሳቸው እንዳይጋጩ በልዩ ልዩ ሞገድ የሚያሠራው የቅኝት ዘዴ፣ በእንግሊዝ በ1900 ቁጥር 7777 በሆነ የፈጠራ መብት ለማርኮኒ ተመዝግቦ ነበር። ሎጅ ግን በ1897 ቀድሞት ነበር፤ ኩባንያውም ኋላ የሎጅን መብት በገንዘብ ለመግዛት ተገዷል። ጁን 21 ቀን 1943 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በአሜሪካ የተመዘገበለት የቅኝት መብት ዋና ዋና ነጥቦች ሎጅ፣ ቴስላና ስቶን አስቀድመው የደረሱባቸው ስለ ሆኑ አይጸኑም ብሎ ፈረደ። ፍርዱ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብቱን፣ ማለት ከቪላ ግሪፎኔ ሜዳ የወጣውን የአየር ሽቦና የመሬት ሽቦ ንድፍ፣ አልነካም።